ጥቁሪቱ ፔቱኒያ በአፍንጮ በር

ከስድስት ኪሎ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ በሚያወርደው በአፍንጮ በር ቁልቁለት ላይ የሚኖር ሰው ሰፊ የአትክልት ቦታ አለው ተብሎ አይታሰብም። ቤቱ ከቤት ተጠጋግቶ፥ አጥሩም ካጥር ተደጋግፎ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለአትክልት የሚተርፈው መሬት ከደጃፍ እስከ አጥር ያለው ብቻ ነው። የእኔም ቦታ ከእናቴ የወረስሁት ሲሆን ርዝመቱ ዐሥራ ሁለት፥ ወርዱ አምስት ርምጃ ነው። ከዚህም ላይ አንዱን ወገን ጌሾ ይዞታል፤ ሁለተኛውን ወገን ጤና አዳምና በሶብላ፥ ጠጅ ሣርም ተካፍለውታል። እነዚህንም እናቴ በእጅዋ የተከለቻቸው ስለ ሆኑ፥ እርሷ ካረፈች በኋላ እንኳን መንቀል ቀርቶ ሥራቸውን ለመቈፈር እጄ አልደፈረም። እንግዲህ ለአበባ የቀረኝ ቦታ በበረንዳው ላይ በተራ የምደረድራቸው የዘይት ቆርቆሮዎች ብቻ ናቸው።

ክቡራን አንባብያን፥ ስለ ቦታው ጥበት አስቀድሜ መናገሬ ስለ ድህነቴ ለማማረር አይደለም፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር ሁሉ የደረሰው በእነዚያ ቆርቆሮዎች ምክንያት ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ፔቱኒያ የሚባለው አበባ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያና በየትምህርት ቤቱ ደጅ ነጩም ቀዩም ሐምራዊውም ተተክሎ ይታያል። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ መለከት የመሰለውን አፉን ባየ ጊዜ ያውቀዋል። እኔም ብዙ ዘመን ሐምራዊውንና ነጩን ስተክል ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ጥቁር ፔቱኒያ በዓለም ላይ መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበረ።

በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከቢሮ ወደ ቤቴ ስመለስ፥ በመንገድ ዳር ችግኝ ዘርግቶ ከሚሸጥ አንድ ጐልማሳ ዘንድ ቆምሁ። ከችግኞቹም መካከል ለብቻዋ ገለል ብላ የተቀመጠች አንዲት ነበረችና «ይህችስ ምን ዓይነት ናት?» ብዬ ብጠይቀው «ጥቁር ፔቱኒያ ናት፥ ጋሼ» አለኝ። እኔም የነጋዴ ወግ ነው፥ ጥቁር ማለቱም የጠቈረ ሐምራዊ ማለቱ ነው ብዬ በልቤ እየሣቅሁ፥ የጠየቀኝን ከፍዬ ይዣት ገባሁ። ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያይቱ አበባ ስትፈካ ግን ሣቄ ቆመ። አበባይቱ በእውነት ጥቁር ነበረች። የቅጠሏ ገጽ የድሮ ሰዎች ለካባ ያሰፉት የነበረውን ጥቁር ከፋይ ይመስላል፤ ብርሃን ሲያርፍበት አያብረቀርቅም፥ ይውጠዋል እንጂ። ከኋላዋ ፀሐይ ባለች ጊዜ ዝቅ ብሎ ያያት ሰው ከጥቁሩ ውስጥ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም ሲወጣ ያያል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ከሌሎቹ አበቦች ሁሉ ቀድማ ከዓይን የምትጠፋ እርሷ ናት፤ ነጮቹ ፔቱኒያዎች በጨለማ ውስጥ እንደ ሻማ ሲታዩ፥ የእርሷ ስፍራ ባዶ ይመስላል።

ይህ ጥቁረት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ብዙ ጓጓሁና መጻሕፍት አገላበጥሁ። ያገኘሁትም እንደዚህ ያለ ነው። የፔቱኒያ ጥቁረት እንደ ከሰል ያለ እውነተኛ ጥቁር ቀለም አይደለም። ወይንን የሚያጠቁረው፥ ቀይ ሽንኩርትንም የሚያቀላው አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም በአበባይቱ ቅጠል ውስጥ እጅግ በዝቶና ተደራርቦ ሲከማች፥ ብርሃኑን ሁሉ ስለሚይዘው ዓይናችን ጥቁር አድርጎ ያየዋል። በብርሌ ያለ ጠጅ ቢጫ ሆኖ ሲታይ በጋኑ ውስጥ ያለው ግን የጠቈረ መስሎ እንደሚታይ፥ ይህም እንደዚያው ነው።

የፔቱኒያ አገርዋ ደቡብ አሜሪካ፥ ይኸውም ብራዚልና ኡራጓይ አርጀንቲናም ነው። ስሟም የወጣው በብራዚል ነባር ሕዝብ ቋንቋ ትምባሆ ማለት ከሆነው «ፔቱን» ከሚለው ቃል ነው፤ በ1803 እ.ኤ.አ. ይህን ስም የሰጣት ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ዡስዩ ነው። ስሙም ያለ ምክንያት አልተሰጣትም፤ የትምባሆ ዘመድ ናትና። ቅጠሏን የዳሰሰ ሰው ጣቱ እንደ ሙጫ ሲጣበቅበት ይህን ዝምድና ያውቃል። ከዚህም በላይ ድንችና ቲማቲም፥ በርበሬና እምቧይ ሁሉ ወገኖቿ ናቸው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በወጥ ቤታችን ካለው ነገር እኩሌታው የአበባይቱ ዘመድ መሆኑን ለባለቤቴ ነገርኋት፤ እርሷም «እንግዲያውስ በርበሬ በተወደደበት ዓመት ዘመዷን ስለ ምን ገዛህ?» አለችኝ።

ዛሬ በየአትክልት ቦታው የምናየው ፔቱኒያ ከሁለት የዱር ወላጆች የተወለደ ነው። አንደኛው ነጭ ሲሆን ማታ ማታ ስለሚያሸት የሌሊት ቢራቢሮ ይጠራል፤ ሁለተኛው ሐምራዊ ሲሆን ቀን ንብ ይጐበኘዋል። እነዚህን ሁለቱን በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ያሉ አትክልተኞች አዳቀሏቸው። ከዚያም ወዲህ የመጡት ሰዎች ሁሉ ቀለሙን ለማጥቈር እየመረጡ ሲያዳቅሉ ኖረው፥ ጥቁር ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ፔቱኒያ ለገበያ የወጣው ከ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ ነው። ይህም ማለት መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል የተለፋበት ጥቁረት በአንድ የዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ በእኔ በረንዳ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። በዚህም ነገር ጥቂት መኰራቴን አልሸሽግም።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አክስቴ ሊጠይቁኝ መጡ። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እኅት ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የሚኖሩት በፒያሳ በዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበረ። አንድ ልጃቸው በ2013 ዓ.ም. ካረፈ ጀምሮ ጥቁር ልብስ ለብሰው የነጠላቸውንም ጥለት ወደ ላይ አድርገው ይሄዱ ነበረ፤ የሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላም የንስሐ አባታቸው ቢመክሩአቸው፥ ዘመድም ቢለምናቸው ከጥቁሩ አልወጡም። ያን ቀን ደረጃውን ቀስ ብለው ሲወጡ አበባይቱን አዩና ቆሙ።

«ይህ ምንድር ነው?» አሉኝ።

«አበባ ነው፥ እቴቴ፤ ፔቱኒያ ይባላል» አልኋቸው።

«አበባነቱንማ አየሁት። ጥቁር አበባ በደጅ የተተከለው የማን ለቅሶ ነው?»

እኔም ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። ሣቄም ሳያንሰኝ «ለቅሶስ አይደለም፤ ቀለሙ ብርቅ ስለ ሆነ ነው» አልሁ። እርሳቸውም የነጠላቸውን ጫፍ በእጃቸው ይዘው ጥቂት ዝም አሉና «እኔ ሁለት ዓመት የለበስሁት ላንተ ብርቅ ሆነ?» አሉኝ። ቡና ተፈልቶ ነበረ፤ አቦሉን ጠጡ፥ ቶናውን ሳይጠብቁ ተነሥተው ሄዱ። ይሸኛቸው ዘንድ የላክሁትንም ልጅ ከመንገድ መለሱት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን በልቤ ስከራከር ሰነበትሁ። ጥቁር የኀዘን ልብስ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የሹማምንቱ ካባ ጥቁር አልነበረምን? የመነኰሳቱ ቆብ፥ ዛሬም ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁት ልጆቻችን የሚለብሱት ልብስ ጥቁር አይደለምን? እንዲህ እያልሁ ለአክስቴ የምመልሰውን መልስ ሳዘጋጅ ባለቤቴ ሰማችኝና «ከኀዘንተኛ ጋር ክርክር የለም፤ ቆርቆሮውን አንሣው» አለችኝ። እኔም ክርክሬን ትቼ አበባይቱን ከበረንዳ አንሥቼ በወጥ ቤቱና በአጥሩ መካከል ወዳለው ስርጥ ወሰድኋት። አክስቴ ግን ይህን አላወቁም፤ እስከ ፋሲካም ድረስ ወደ ቤቴ አልመጡም፤ እኔም በሄድሁ ጊዜ በደኅና ተቀብለው ይሸኙኛል እንጂ እንደ ቀድሞው አያጫውቱኝም ነበረ።

ፔቱኒያ ፀሐይ ወዳድ ናት፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያላገኘች እንደ ሆነ አበባዋ ይቀንሳል፥ ግንዷም እየቀጠነ ብርሃን ፍለጋ ይንጠራራል። በወጥ ቤቱ ጓሮ የሚገባው የጧት ፀሐይ ብቻ ስለ ሆነ አበባይቱ ከሳች። የጠወለገውን አበባ ከነእንብርቱ በየቀኑ እየቀነጠስሁ፥ ግንዷንም በእኩሌታ ቈርጬ ትንሽ ፍግ ጨምሬ ባስታምማትም የምትድን አልመሰለኝም። ስለዚህ ሳትሞትብኝ ዘሯን ልያዝ ብዬ፥ ጥቂት አበቦች ሳልቀነጥስ ተውሁና ፍሬ እስኪቋጥሩ ጠበቅሁ።

የፔቱኒያን ዘር አይቶ የማያውቅ ሰው ትንሽነቱን ለማመን ይቸግረዋል። ከእህል ሁሉ ታናሽ የምንላት ጤፍ እንኳ በአጠገቡ ስትቀመጥ እንደ ባቄላ ትታያለች፤ በአንድ ግራም ውስጥ 10,000 ያህል የፔቱኒያ ዘር ይገኛል። ይህም ትንሽነቱ በመዝራት ጊዜ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘሩን እንደ ሌላው ዘር አፈር በማልበስ ነው፤ የፔቱኒያ ዘር ግን ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር ከለበሰ አይወጣም። እኔም በጥር ወር የተነፋ አፈር በሣጥን አድርጌ፥ ዘሩን ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ ላዩ ላይ በተንሁት፤ ከላይ ውሃ ቢፈስበት እንዳይጠረግ ሣጥኑን በሳፋ ውሃ ላይ አስቀምጬ አፈሩ ከታች እንዲጠጣ አደረግሁ፤ በመስተዋትም ከደንሁት። በዐሥረኛው ቀን እንደ አረንጓዴ አቧራ ያለ ነገር ታየ። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጡ አንድ በአንድ በቀጭን እንጨት እያነሣሁ በጣሳ አዛወርኋቸው። ሥራው ዓይን ይፈጃል፤ መነጽር የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

ሠላሳ አንድ ችግኝ ለማበብ በቃ። እኔም ሠላሳ አንድ ጥቁር አበባ በመጠበቅ በየጧቱ ከቁርስ በፊት እወጣ ነበረ። በግንቦት መጀመሪያ የፈካችው የመጀመሪያይቱ ሐምራዊ ሆነች። ሁለተኛይቱ ጽጌረዳ መሳይ ወጣች። በመጨረሻ ብቈጥራቸው ዐሥራ አራቱ ሐምራዊ፥ ዘጠኙ ጽጌረዳ መሳይ፥ አምስቱ ደም ሥር የመሰለ መሥመር ያለባቸው፥ ሦስቱም ጥርት ያሉ ነጮች ሆኑ። ጥቁር ግን አንዲት እንኳ አልነበረችም። እነዚያም ሦስቱ ነጮች ማታ ማታ ያሸቱ ጀመር፤ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የነበረው የዱር ወላጃቸው በበረንዳዬ ላይ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ለካ እንዲህ በብዙ ማዳቀል የተገኘ ቀለም በዘር አይወረስም፤ ከአንዲቱ ፍሬ የወጡት ልጆች የአያት ቅድመ አያታቸውን መልክ እየመዘዙ ይበተናሉ። ንቦቹም ደግሞ ከጎረቤት ፔቱኒያ ያመጡት ነገር ይኖራል።

በዚህ ነገር ያዘንሁት ሰው እኔ ብቻ አለመሆኔን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ናፖሊና ዮርገንሰን የሚባሉ ሊቃውንት ከባልደረባቸው ጋር ሐምራዊ ፔቱኒያን ይበልጥ ለማጥቈር አንድ ሙከራ አድርገው ነበረ። በእያንዳንዱ ሕያው ፍጥረት ሕዋስ ውስጥ ጂን የሚባል፥ ምን እንደሚሠራ የሚያዝዝ ነገር አለ። እነርሱም ቀለሙን የሚያሠራውን ጂን ተጨማሪ ቅጂ በአበባይቱ ውስጥ አገቡ፤ ትእዛዙ ቢበዛ ቀለሙም ይበዛል ብለው ነው። አበቦቹ ሲፈኩ ግን ብዙዎቹ ነጭ ሆኑ፤ አንዳንዶቹም ነጭና ሐምራዊ የተቀላቀለባቸው ሆነው ወጡ። በዚያው ዘመን በሆላንድ አገር የሚሠሩ ሊቃውንትም እንደዚሁ ያለ ነገር አገኙ። ነገሩን በእኛ አገር ምሳሌ ብናገረው እንዲህ ነው፤ በአንድ ገበያ ላይ አንድ ዐዋጅ የሚናገሩ ነጋሪዎች ከልክ በላይ በበዙ ጊዜ፥ ዳኛው ነገሩን ተጠራጥሮ አዲሶቹንም የቀድሞውንም በአንድነት ዝም አሰኛቸው። እንግዲህ ዐዋጁን የሚሰማ ስለሌለ ቀለሙ ሳይሠራ ቀረ። በመጀመሪያ ሰው ሁሉ የተገረመበት ይህ የአበባ ነገር ከስምንት ዓመት በኋላ በጥቃቅን ትሎች ላይ በተደረገ ምርመራ ምሥጢሩ ተገለጠ፤ ፋየርና ሜሎ የሚባሉትም ሁለት ሊቃውንት በ2006 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በዚህ መንገድ የተሠሩ መድኃኒቶች አሉ። ይህን ሳነብ ሦስቱን ነጮች አበቦቼን በሌላ ዓይን አየኋቸው፤ ቢሆንም የፈለግሁት ጥቁሯን ነበረ።

ከዚህ ችግር ያወጣኝ በቆቃ አካባቢ ባለ የአበባ እርሻ ይሠራ የነበረ አንድ ወዳጄ ነው። በዚያ አገር ያሉት እርሻዎች ከሚሠሩት ሥራ አንዱ የአበባን ጫፍ እየቈረጡ ሥር ሳያበቅል ወደ አውሮጳ መላክ ነው፤ የአውሮጳ አትክልተኞችም ተቀብለው ሥር ያስይዙታል። ወዳጄም «ቀለሟን የምትፈልግ እንደ ሆነ ዘሯን ተውና ራሷን ቈርጠህ ትከል፤ ከተቈረጠው የሚበቅለው ልጇ ሳይሆን ራሷ ናት» አለኝ። እንዳለኝም በመስከረም 2016 ዓ.ም. አበባና እንቡጥ የሌለበትን ጫፍ አራት ጣት ያህል እየቈረጥሁ፥ የታችኛውን ቅጠል አንሥቼ በረጠበ አሸዋ ተከልሁ፤ እያንዳንዱንም በጠርሙስ ደፍቼ በጥላ አኖርሁት። ከስምንቱ ስድስቱ በሁለት ሳምንት ሥር ያዙ። አበባቸውም በኅዳር ሲፈካ ስድስቱም ጥቁር ሆኑ። ዳግመኛ ክፉ ቃል እንዳልሰማ ስድስቱንም ቆርቆሮዎች በጓሮ አኖርኋቸው፤ ጣራ የሚያሳልፍ የመስተዋት ቆርቆሮም ስላደረግሁበት የጓሮው ብርሃን ተሻሽሎ ነበረ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያው ለኮሪደር ልማት ብዙ ቤቶች ሲነሡ የአክስቴም ቤት ከሚነሡት አንዱ ሆነ። አንድ ቀን ማለዳ በጋሪ ዕቃ አስጭነው መጡ። የሰርጋቸውን ሣጥን፥ ሁለት መሶብ፥ አንድ የብረት አልጋ፥ የልጃቸውንም መጽሐፍ መደርደሪያ «አዲሱ ቤት እስኪደላደል ድረስ ካንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» አሉኝ። ዕቃው ሁሉ በበረንዳው ላይ ተደረደረ። እርሳቸውም እጃቸውን ለመታጠብ ወደ ጓሮ ዞሩና ስድስቱን ቆርቆሮዎች አዩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበረ፤ የምለውም ጠፋኝ።

«ስለ ምን ወደዚህ ደበቅሃቸው?» አሉኝ።

«እርስዎን እንዳያሳዝንዎ ብዬ ነው፥ እቴቴ።»

እጃቸውን ታጥበው እስኪጨርሱ አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ጐንበስ ብለው አንዲቱን አበባ ከታች ወደ ላይ አዩአት፤ ፀሐዩ ከኋላዋ ስለ ነበረ ወይን ጠጁን ያዩት ይመስለኛል። «እኔ የጠላሁት ሣቅህን ነው እንጂ አበባውን አይደለም» አሉ። እኔም ጐንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ሲሄዱም አንዲቱን በወተት ጣሳ አዛውሬ ሰጠኋቸው፤ በጋሪው ላይ በጭናቸው አድርገው ወሰዷት።

ክረምት ገባ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች በሐምሌና በነሐሴ ብርዱና ዝናሙ አንድ ላይ ነው፤ ፔቱኒያ ደግሞ ከብርዱ ይልቅ ዝናሙን ትፈራለች። ትልልቅ አበባ ያላት እንደ ሆነች አንድ ዶፍ ሲወርድባት እንደ እርጥብ ወረቀት ትጣበቃለች፤ እርጥበቱ ከሰነበተም ግራጫ ሻጋታ ይወርሳታል። ባለፈው ክረምት እናቲቱን በበረንዳው ጣራ ሥር አስገብቼ አድኛት ነበረ። አሁን ግን በረንዳውን የአክስቴ ሣጥንና አልጋ ይዞታል። ዕቃቸውን ወደ ዝናም አውጥቼ አበባ እንዳላስገባ ማን ይፈርድልኛል? ስለዚህ ቆርቆሮዎቹን በወጥ ቤቱ ጣራ ጠርዝ ሥር አስጠግቼ ተውኋቸው። ያን ቦታ የመረጥሁት በራሴ ስንፍና ነው፤ አሸንዳው ዝጎ መቀደዱን ዐውቅ ነበረና። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ውሃው እየተንዠረገገ በቆርቆሮዎቹ ውስጥ ገባ። ከቆርቆሮዎቹም ታች የበሳሁት ቀዳዳ በአፈር ተደፍኖ ኖሮ ውሃው አልወጣም። ግንዳቸው ከሥሩ ጠቈረ፤ ይህ ጥቁረት ግን የመበስበስ ጥቁረት ነበረ። ጳጉሜን ሲገባ አምስቱም፥ እናቲቱም አለቁ።

የአበባ መሞት ለአዋቂ ሰው የሚነገር ነገር እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። በዚያ ዓመት ሰው ቤቱን ትቶ ሲሄድ እያየሁ ስለ ፔቱኒያ ብናገር ያሳፍረኝ ነበረና ለማንም ሳልናገር ቆርቆሮዎቹን ደፍቼ ሰቀልኋቸው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. አክስቴን ለመጠየቅ ሄድሁ። አዲሱ ቤታቸው በከተማው ዳር ባለ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በአራተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ለውጬ ደረስሁ። ደረጃውን ስወጣ በሦስተኛው ፎቅ በአንዲት ሴት ደጃፍ ላይ በተቈረጠ ጀሪካን የተተከለ አበባ አየሁና ቆምሁ። ጥቁር ፔቱኒያ ነበረች። በአራተኛው ፎቅ በሁለት ደጃፍ ላይ ሌሎች ሁለት አየሁ። የአክስቴ ሰገነት ዘንድ ስደርስ ያች የሰጠኋቸው የወተት ጣሳ በብረቱ ላይ ታስራ፥ አበባይቱም ከጣሳው ሞልታ እንደ ጥቁር መጋረጃ ወደ ታች ወርዳ ነበረች። ከላይ ያለው የአምስተኛው ፎቅ ሰገነት ዝናሙን ከልክሎላታል፤ ፀሐዩም ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይለያትም። በዕውቀቴ ተመክቼ በጓሮ የገደልኋትን እርሳቸው በሰገነት አኑረው አሳድገዋታል።

ጎረቤቶቻቸው ከልዩ ልዩ ሰፈር የመጡ ስለሆኑ በመጀመሪያ በደረጃ ሲገናኙ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበረ አሉኝ። አንዲት ሴት የአበባይቱን ጫፍ ፍለጋ መጥታ ቡና ጠጥታ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ሌላይቱ መጣች። የዕድርም ነገር የተነጋገሩት በዚያው ምክንያት ነው። ልብሳቸውን አየሁ፤ ጥቁሩ ቀሚስ አሁንም አለ፤ ነጠላው ግን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ነበረ። ስለዚህ ነገር ምንም አልተናገርሁም።

የእኔ ሁሉ እንዳለቀና ከእርሳቸው ጥቂት ጫፍ እንደምፈልግ ስነግራቸው ወዲያው አልሰጡኝም። «አየሃት፥ ጣሳው ጠበባት» አሉ። «ልቀይርላት ብል ደግሞ እዚህ ያለው አፈር ስሚንቶና ጠጠር ነው። ከእናትህ ጌሾ ሥር አንድ ጆንያ አፈር አምጣልኝ፤ ያን ጊዜ እቈርጥልሃለሁ።» ከሌላ ቦታ ባመጣስ ብዬ ብጠይቃቸው «የለም፤ ያንን አፈር እናትህ ሃያ ዓመት የቡና አተላና ዐመድ ስታበላው ዐውቃለሁ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጌሾው ሥር ቈፈርሁ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ በዚያ ቦታ ዶማ ሳሳርፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበረ። አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ በውስጡም አንድ የተሰበረ የጀበና ጆሮ አገኘሁ። ጆንያውን ተሸክሜ አውቶቡስ ስሳፈር ረዳቱ «አባቴ፥ ምንድር ነው የተሸከሙት?» አለኝ፤ «አፈር ነው» አልሁት። አላመነኝም፤ ጆንያውን ከፍቶ እጁን አግብቶ አየና «አፈር ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ አበባ?» ብሎ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ።

አክስቴ አፈሩን በመዳፋቸው ይዘው አሸተቱት፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ጫፍ ቈርጠው በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሁለቱ ሥር ያዙ። በጥር ወር ሲያብቡ በበረንዳው ላይ ከሣጥናቸው በቀር ከፍ ያለ ቦታ ስላላገኘሁ ቆርቆሮዎቹን በሣጥኑ ላይ አስቀምጬአቸው ነበረ። በመጋቢት ሣጥኑን ሊወስዱ በመጡ ጊዜ አበቦቹን አንሥቼ በእጄ እንደ ያዝሁ የት ላስቀምጣቸው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ደጁ ላይ» አሉኝ፤ ወዲያውም ቀና ብለው ጣራውን አዩና «ከአሸንዳው ራቅ አድርገህ» አሉ።